የምንበላበት ማሳ የብድር መያዣ አይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ገበሬው የመሬት ይዞታ መብቱን አስይዞ መበደር ስለመቻሉ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ነገሩን እንደ ምሥራች ነው ያቀረባችሁት። ምሥራችነቱን አልክድም። ነገር ግን ጽሑፉ ላይ የባንክ ሰው ተናግሯል፣ የመንግሥት ሰው ተናግሯል፣ ገበሬ ግን አልተናገረም።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከእነዋሪ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። እናቴና ታናሽ ወንድሜ ዛሬም እዚያው ናቸው። አዲስ አበባ ከመግባቴ በፊት ደግሞ ለዓመታት የገጠር ብድር ሠራተኛ ነበርኩ። ከቀበሌ ቀበሌ በእግሬ እየዞርኩ አበድሬያለሁ፣ ሰብስቤያለሁ። ተበዳሪውንም አበዳሪውንም አውቃቸዋለሁ። የምጽፈው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ራሱ ምን እንደሆነ እናንሳ። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ለሃያ ዓመት ገደማ ሲሠራበት የቆየውን አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተክቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። አዲሱ አዋጅም ይህን አልነካም። ስለዚህ ገበሬው የሚያስይዘው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው መሬቱን በሐራጅ አይሸጥበትም። በውል ለተገደበ ጊዜ ግን መሬቱን የመጠቀም መብት ከገበሬው እጅ ይወጣል። ዝርዝሩን ክልሎች በራሳቸው ሕግና ደንብ ነው የሚወስኑት። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ዝርዝር ነው።

ገበሬው ብድር ያስፈልገዋል። በዚህ የሚከራከር ካለ ሰኔ ላይ አንድ ቀን ገጠር ይዋል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ሲወደድ የማዳበሪያ ዋጋ በአንዴ ተሰቀለ። በ2015 ክረምት ደግሞ ገንዘብ ይዞ ማዳበሪያ ያጣ ገበሬ ነበር። ከዚያ በ2016 ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። መንግሥት ይደጉማል፣ እሱን አልክድም። ቢሆንም ማዳበሪያ የሚገዛ ሰው ኪሱ ያውቀዋል። በዚያ ላይ የኛ አገር መሬት መረሬ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል፣ ቦይ ወጥቶለት ካልተንጣፈፈ ዘሩ ይበሰብሳል። ጉልበትም ገንዘብም የሚበላ መሬት ነው። የስንዴ ኩታ ገጠም ውስጥ፣ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች አንድ ሰብል አብረው በሚዘሩበት አሠራር ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ እኩል ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማስገባት ይጠበቅበታል። የሌለው ቤተሰብ ማሳው መሀል ላይ ስለሆነ ብቻ እንደ ሀብታሙ ማውጣት አለበት።

እስከ ቅርብ ጊዜ ግን ባንክ ገብቶ «መሬት አለኝ» ያለ ገበሬ ብዙ ጊዜ ሰሚ አልነበረውም። ቤት ወይም መኪና ካላስያዝክ ተብሎ ይመለስ ነበር። ለብዙው የቀረው ምርጫ በቡድን ዋስትና የሚሰጠው ትንሽ ብድር ነበር። እናቴ አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከነጠላዋ ሥር ታስቀምጠዋለች። የእሷም የአባቴም ፎቶ አለበት። ያ ደብተር ድንበር ሲገፋ ጠቅሟታል። ለብድር ጠቅሟት አያውቅም። አሁን ይጠቅማታል መባሉ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ስጋቴ ልምጣ።

ገበሬ ገንዘብ የሚፈልገው ሁለት ጊዜ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ለማዳበሪያና ለዘር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ለቀለብ፤ ያኔ ጎተራው ተራቁቷል፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። ገንዘብ የሚያገኘው ግን አንዴ ነው፤ እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ላይ። አበዳሪውም ይህን ስለሚያውቅ የመክፈያውን ቀን እዚያ ላይ ያደርገዋል። ችግሩ ሁሉም ገበሬ በአንድ ወቅት ገበያ መውጣቱ ነው። ማዳበሪያ በብድር የወሰደው በሙሉ ጤፉንና ስንዴውን ጭኖ ይመጣል። ዋጋው ይወርዳል። ነጋዴው ገዝቶ ያስቀምጠዋል። ክረምት ሲገባ ያው ገበሬ እህል በውድ ይገዛል።

ብድር እሰበስብ በነበረበት ጊዜ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቦታውንም የነበርኩበትን መሥሪያ ቤትም አልጠራም፤ በብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ጠዋት መጥታ ዕዳዋን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈለች። ከሰዓት በኋላ አዲስ ብድር ወሰደች። እኔም ጎበዝ ተበዳሪ ብዬ መዘገብኳት። በኋላ ቤቷ ስሄድ ቡና አፍልታ ሁሉንም ነገረችኝ። የከፈለችው ከአራጣ አበዳሪ ለሁለት ቀን በተበደረችው ገንዘብ ነው። አዲሱን ብድር እንደተቀበለች ከቢሯችን በር ላይ ለሚጠብቃት ሰውዬ ከነወለዱ አስረከበችው። ለሁለት ቀን ብድር የወሰደባት ወለድ በግ ይገዛ ነበር። ለማዳበሪያ የተረፋት ግማሹ እንኳ አልነበረም። የቡድኗ አባላትም ያውቁ ነበር፤ እሷ ካልከፈለች ዕዳው ወደነሱ ስለሚዞር ሰውዬውን ያገናኟት እነሱ ናቸው። በእኛ ሪፖርት ላይ ግን «ሙሉ በሙሉ ተመልሷል» ይላል።

ስለዚህ የገጠር ብድር በደንብ ይመለሳል የሚል ቁጥር ሳይ አላምንም። ብዙ ቤት ውስጥ ዕዳው አይከፈልም፤ ይገለበጣል። እስካሁን ሲገለበጥ የሚጎዳው በግና በሬ ነበር። ከእንግዲህ ጫፉ ላይ ያለው መሬት ነው።

መሬት ለዕዳ መስጠት ለገበሬው አዲስ ነገር አይደለም። ወለድ አገድ የምንለው ውል ድሮም ነበር። ገንዘብ ትወስዳለህ፣ አበዳሪው መሬትህን ያርሳል፣ የሚያገኘው ምርት በወለድ ይታሰባል። ዋናውን ገንዘብ ስትመልስ መሬትህን ታገኛለህ።

በኛ ቤት ደርሷል። አባቴ ታመመና ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። ቤት ውስጥ ገንዘብ አልነበረም። ካሉን ማሳዎች መንገድ ዳር ያለውን፣ ጥሩውን፣ በወለድ አገድ ሰጠነው። ውሉ የተጻፈው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ነው። ሦስት ምስክር ፈረመ። እናቴ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ወረቀቱን ያነበበላት ሰው አልነበረም፤ «ገንዘቡን ስትመልሺ መሬቱ ይመለሳል» ተብሎ ብቻ ተነገራት። ጊዜ አልተቀመጠለትም። መሬቱን የወሰዱት ጎረቤታችን ክፉ ሰው አልነበሩም። በችግራችን ቀን ደረሱልን፣ እናቴም እስከ ዛሬ ጋሼ ነው የምትላቸው። ሁሉም ሰው በደግነት የሠራው ነገር ምን እንዳመጣ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄደው እህሉ ነው። ያንን ጠብቀነው ነበር። ያልጠበቅነው ገለባውን ነው። የጅሩን የገለባ ክምር ያየ ሰው ይገባዋል። እኛ አገር ክምር ዝም ብሎ አይቆለልም። ተስተካክሎ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ተደርጎ፣ እንደ ቤት ነው የሚሠራው። ልጅ ለመዳር የሚመጣ ሽማግሌም ክምሩን አይቶ ነው ቤቱን የሚገምተው። የጅሩ ሰንጋ ዝና ያገኘው በዚያ ገለባ ነው። በሬው ክረምቱን አርሶ፣ በጋውን ገለባ ተቀልቦ ይደልባል፣ ለፋሲካ ይሸጣል፣ በዋጋው ሌላ በሬ ተገዝቶ ትርፉ ለቤት ይሆናል። ጥሩው ማሳ ሲሄድ ገለባው ሄደ። ገለባው ሲያጥር ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሸጠ። በአንድ በሬ አይታረስም። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ የቀሩትን ማሳዎች ለእኩል ሰጠች። ከዚያ በኋላ ካረሰችው መሬት ሳይሆን ሰው ካረሰላት ላይ ግማሹን የምትቀበል ሴት ሆነች። ያስያዝነው አንድ ማሳ ነበር። የወጣው ግን እርሻው በሙሉ ነው።

ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ዕዳው ያው ነው፤ ምርቱ ሁሉ በወለድ ስለሚታሰብ ከዋናው አንዲት ብር አይቀነስም። መሬቱን ያስመለስነው እኔ ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላ ቆጥቤ ነው። ደመወዝተኛ ልጅ የሌላቸው ጎረቤቶቻችን አሁንም አላስመለሱም።

አዲሱ ሕግ ከወለድ አገድ ይሻላል። ውሉ ይመዘገባል፣ ጊዜ ይገደብለታል። ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ግን ይብሳል። ጎረቤታችን ራሳቸው ገበሬ ነበሩ። ችግራችንን ያያሉ፤ ክፉ ክረምት ሲመጣ አንድ ቁና ዘር ያበድሩን ነበር። ባንክ ግን አያርስም። የመጠቀም መብት እጁ ከገባ ትራክተርና ገንዘብ ላለው ሰው ነው የሚያስተላልፈው። ያ ሰው ደግሞ አንድ ማሳ አይፈልግም፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁሉ ይፈልጋል። በአንድ ቀበሌ በአንድ መጥፎ ዓመት፣ በረዶ መትቶ ወይም የስንዴ በሽታው ዋግ ገብቶ ሠላሳ ቤተሰብ መክፈል ቢያቅተው ምን ይሆናል? መሬት ሳይሸጥ፣ ሕገ መንግሥቱም ሳይነካ፣ ሠላሳ ቤተሰብ በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን አጥፍቷል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ያንን ቀን ያስታውሳሉ። በዕዳ በኩል ተመልሶ እንዳይመጣ መጠበቅ የኛ ፋንታ ነው።

የክልሉን ዝርዝር ሕግ ለሚያዘጋጁ ሰዎች የምለው አንድ ዋና ነገር ነው። ቤተሰቡ የሚበላበት ማሳ ከመያዣ ይውጣ። ገበሬው ራሱ ፈቅዶ እንኳ ሊያስይዘው አይቻል። ጓሮውና ቢያንስ የዓመት ቀለብ የሚያወጣው መሬት በስፋቱ ተለክቶ በደብተሩ ላይ ይመዝገብ፤ ባንኩ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ብቻ ያበድር። «ታዲያ መሬቱ ትንሽ የሆነው ምን ያስይዝ?» የሚል ይኖራል። የአገራችን አብዛኛው ገበሬ ከአንድ ሄክታር በታች ነው የሚያርሰው፤ በኛ አቆጣጠር ከአራት ጥማድ በታች ማለት ነው። መልሴ ግልጽ ነው፦ ከቀለብ መሬቱ የሚተርፍ የሌለው ሰው በመሬት አይበደር። ሌላ መያዣ አለው፣ እሱን እመጣበታለሁ። ይህ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ባለዕዳ ለኑሮው የግድ የሚያስፈልገውንና የሚሠራበትን መሣሪያ ፍርድ ቤት እንዳይዘው ይከለክላል። የልብስ ሰፊ መኪና ከዕዳ የሚድን ከሆነ የገበሬ ማሳ የማይድንበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ወንድሜም ነው። ወንድሜ ወደ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሚስትና ልጅ አለው። መሬት የለውም። ለአዲስ ጎጆ የሚታደል መሬት ቀበሌው ውስጥ ካለቀ ቆይቷል። የሚያርሰው የእናቴን ነው፣ ገቢውን አብረው ይበላሉ። ደብተሩ ላይ ግን ስሙ የለም። ውል ሲፈረም የሚጠየቀው ባለይዞታው ነው። እናቴ ነገ አንድ ደላላ ወይም አንድ ዘመድ አሳምኗት ብትፈርም ወንድሜ የሚሰማው መሬቱ ሲታረስበት ነው። እናቴ የዋህ ናት፤ ለሰው ችግር ስትል ትፈርማለች። በይዞታው የሚተዳደሩ አዋቂ ልጆች ውሉ ከመፈረሙ በፊት እንዲያውቁ ቢደረግ የሚጎዳ ማን ነው?

ሴቶችን በተመለከተ ሕጉ በወረቀት ላይ መልካም ነው። የባልና የሚስት ፎቶ በአንድ ደብተር ላይ መሆኑ በኛ ክልል ብዙ ሴት አድኗል። ነገር ግን እኔ ራሴ ባል «ፈርሚ» ሲላት የምትፈርም ሚስት ስንቷን አይቻለሁ። ምን ላይ እንደምትፈርም የጠየቀኝ ሴት በጣት የምትቆጠር ናት። ውሉ በቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ለሚስትየዋ ባሏ በሌለበት ይነበብላት። አንድ ኮፒ ለብቻዋ ይሰጣት። ሥራ ያበዛል የሚል የብድር ሠራተኛ ቢኖር አውቀዋለሁ፣ እኔም ስንት ጊዜ ደክሞኝ አይቻለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚወስደው።

አሁን ወደ ሌላው መያዣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ከብትም ምርትም በዚያ ውስጥ ይገባል። ለጅሩ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። ወንድሜ የሚፈልገው ብድር ለሰንጋ ነው። ከሳ ያለ በሬ ገዝቶ በገና ወይም በፋሲካ ማውጣት ይፈልጋል። በሬው ራሱ መያዣ ይሁን። ቢከፋ በሬው ይሸጣል፤ መሬቱ፣ ገለባውና የልጆቹ እንጀራ አይነኩም። ይሄ ሕግ ከወጣ ዓመታት ሆኖታል፤ ታዲያ እኛ ወረዳ በበሬ ተበደረ ሲባል የሰማሁት ሰው የለም። ባንኮች በሬ ይሞታል ይላሉ። ይሞታል። ለዚያ የከብት መድን አለ፣ የቀበሌ የእንስሳት ሐኪም አለ፣ የጆሮ ምልክት አለ። መሬት የማይሞት መያዣ ስለሆነ ብቻ ቀድሞ እሱ ላይ መረባረብ ለባንኩ ይመቸው ይሆናል። ለገበሬው ግን አይደለም።

የእህሉም ነገር እንደዚያው ነው። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ገበሬው በጥር እህሉን ከመሸጥ ይልቅ መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ ቢበደርና ግንቦት ላይ ዋጋው ሲሻሻል ቢሸጥ ዕዳውም ይከፈላል፣ ቤቱም አይራብም። ለዚህ ግን መጋዘኑ እነዋሪ ላይ መኖር አለበት። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ማዳበሪያ ተራግፎ ካለቀ በኋላ ለወራት ባዶውን ይቀመጣል። በዚያ ይጀመር። ይህ እስኪሆን ድረስ የመክፈያው ቀን ከጥር ወደ ግንቦት ይዛወር። በረዶ፣ ዋግ ወይም ጎርፍ በቀበሌው ሲረጋገጥ ደግሞ ውሉ በራሱ አንድ ምርት ዘመን ይራዘም። በክልላችን መንገድ ተዘግቶ እህል ገበያ የማይደርስበት ሳምንትም አለ። ያኔ ያለቀ ቀነ ገደብ መሬት ሊያስወስድ አይገባም።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የክልሉን የመሬት ቢሮ ኃላፊዎች ስታነጋግሩ ይህን አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው። በሚዘጋጀው ዝርዝር ሕግ ላይ ቤተሰብ የሚበላበት መሬት ከመያዣ ነፃ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ነፃ ከሆነ ስንት ጥማድ? መልሱን በስማቸው አትሙልን። ወንድሜ ለመጪው ፋሲካ የሚያደልበው በሬ በምን ብድር እንደሚገዛ የሚወስነው ያንን ካነበበ በኋላ ነው፤ እኔም ጋዜጣውን በመጣ ሰው እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞረትና ጅሩ ልጅ
ከአዲስ አበባ